በማሩ ካሴት መጨረሻ ላይ

ባለፈው ሳምንት ከደባርቅ ወደ ዳባት በምትሄድ ሚኒባስ ስሳፈር ከኋላዬ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠው ነበር። አንደኛው አዲስ የጆሮ ማዳመጫ ገዝቷል፤ የጓደኛው አሮጌ ነው። ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ የጀመሩት ክርክር ግማሽ መንገድ ድረስ አላባራም። «ይኸ እኮ ድምፁን አጥርቶ ነው የሚያወጣው፤ የክራሩን ጅማት አንድ በአንድ ለይተህ ትሰማለህ» ይላል ባለ አዲሱ። ጓደኛው ይሰካል፣ ይነቅላል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፣ ከዚያ «ሁለቱም ያው ናቸው» ይላል። «ያው ናቸው? ጆሮህን ታጠብ!» «አንተ ደግሞ ብር ስላወጣህበት ነው የሚሰማህ!» በመጨረሻ ዳኝነቱ ለእኔ ደረሰ። «አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» ብለው በየተራ ጆሮዬ ላይ ሰኩልኝ። ባለ አዲሱ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ አዲሱ የጠራ መሰለኝ፤ ፊቱን ሲያዞር ሁለቱም አንድ ሆኑብኝ። «የኔ ጆሮ ለዳኝነት አይበቃም፤ ሰባ ዓመት አልፎታል» ብዬ ተገላገልኩ። ሳቁና ተውኝ። እኔን ግን ሐሳቤ አልተወኝም። ይኸን ክርክር እነሱ ከመወለዳቸው በፊት ተከራክሬዋለሁ፤ ያስከፈለኝም ነገር ነበር።

ያን ጊዜ ደባርቅ ላይ «በላይ ራዲዮ» ሲባል የማያውቀኝ አልነበረም። ወደ ሊማሊሞ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከባድ መኪኖች ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት የሚያርፉበት ቦታ ላይ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ። ራዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ፣ ካሴት እቀዳለሁ። ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ ባለ ፎቅ ሆቴል ቆሟል፤ ሳልፍ ቆሜ አየዋለሁ። አለባበሳችን ራሱ ጉድ ነበር። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቤልቦተም ነበረኝ፤ እግሩ ከመስፋቱ የተነሳ የደባርቅን ጭቃ እየጠረገ ነው የሚሄደው። ሸሚዙ ኮሌታው እስከ ትከሻ ይደርሳል፤ ጸጉራችን ጎፈሬ ነው፤ ማበጠሪያዋ እዚያው ተሰክታ ትውላለች። ሻይ ከፓስቲ ጋር በስሙኒ ይጠጣ ነበር። የካሴት ክር ሲላቀቅ በእስክሪብቶ ጠምዝዘን እንመልሰዋለን። የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ያኔ በየቤቱ ደጃፍ ላይ እንደ በርበሬ የተሰጣ ድንጋይ ታያላችሁ። ፀሐይ የመታው ድንጋይ ዕድሜው ይረዝማል ብቻ አይደለም የምንለው፤ ድምፁም ይጣፍጣል እንላለን። ጥቁር ካሴት ድምፁ ወፍራም ነው፣ ነጩ ግን ይቀጥናል የሚል ነበር። ስፒከሩን እንስራ ውስጥ ከትቶ የሚያዳምጥ ነበር፤ የጠላ እንስራ ከውሃ እንስራ ይበልጣል ብሎ የሚምል ሰውም አውቃለሁ። ማንም ማንንም አላሳመነም። ግን እንዴት ያለ ማዳመጥ ነበር! አንድ ዘፈን ለመስማት ሰባት ሰው ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ዛሬ ሰው ሁሉ ሙዚቃውን ኪሱ ይዞ ይዞራል፤ እንደዚያ ቆሞ የሚያዳምጥ ግን ካየሁ ቆየሁ።

እኔም ታዲያ የራሴን ጥበብ አመጣሁ። በፖስታ ከሚላክ ትምህርት ላይ ያየሁትን ሥዕል ተከትዬ፣ ከተሰበሩ ራዲዮኖች በለቀምኳቸው ዕቃዎች አንዲት የብረት ሳጥን ሠራሁ። ከቴፑና ከስፒከሩ መሐል ትገባለች። ማብሪያዋን ስትጫኑት ቀይ መብራት ቦግ ይላል፤ ያን ጊዜ ድምፁ በሳጥኗ ውስጥ አልፎ፣ የካሴቱ ሹሹታ ተጣርቶለት ይወጣል። ስሟን «ማጥሪያ» አልኳት። የመጀመሪያ ቀን ወይዘሮ ይታይሽ ሻይ ቤት ወስጄ ከቴፓቸው ጋር ገጠምኳት። ዘፈኑን ከፈትኩና «አሁን ያለ ማጥሪያው ነው» አልኩ። ቀጥዬ መብራቷን አበራሁ። «አሁንስ?» ቤቱ በሙሉ «ኧረ! ኧረ ጉድ!» አለ። ወይዘሮ ይታይሽ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ዘፋኙ እኮ ቤት ገባ!» አሉ። እኔም ሰምቻለሁ። እምላለሁ፣ ሹሹታው ሲሸሽ፣ ድምፁ ሲቀርብ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዋሽቼ ማንንም አላታለልኩም፤ ከሁሉ የከበደኝም ኋላ ላይ ይኸው ነው።

ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ መምህር አስረስ። ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምራል፤ ከጎንደር የመጣ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽሩን በክር ያሰረ ሰው ነው። የልብ ጓደኛዬ ነበር፤ እሁድ እሁድ ዳማ እንጫወታለን። ሻዩን ፉት ብሎ፣ «በላይ፣ አትቀየመኝና እነዚህ ሰዎች የሚሰሙት ድምፁን አይደለም» አለኝ።

«ታዲያ ምኑን ነው?»

«መብራቷን።»

ቤቱ ሳቀ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «ጆሮ ያልሰጠውን ሰው ምን ላድርገው!» አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻይ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። የእኔ ወገን ብዙ ነው፤ ሹፌሮቹ፣ ነጋዴዎቹ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ሳይቀር። የአስረስ ወገን እሱ ራሱና አንድ ዘወትር ከሁሉ ጋር የሚቃረን ልብስ ሰፊ ነው። ዳማውንም ተውነው።

መሪጌታ ፈንቴ ወደ ሱቄ የመጡት በዚሁ መሐል፣ በጥር ወር ነው። ወደ በየዳ በሚወስደው መንገድ ሁለት ቀን ከሚያስኬድ ሀገር ነው የመጡት። እዚያ ደብር ውስጥ ዜማ ያስተምራሉ፤ ተማሪዎቻቸው ሁሉ «የኔታ» ነው የሚሏቸው፤ እኛም እንዲያው እንላቸዋለን። የአንድ ልጅ አባት ናቸው። ልጃቸው ማሩ፣ ያኔ ብዙ ወጣት በሄደበት መንገድ ወደ ጦርነት ሄዶ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ወዴት፣ ለምን የሚለውን በዚያ ዘመን ማንም ጮክ ብሎ አይጠይቅም። ቁስሉ ጠንቶበት ወደ ቤቱ የተመለሰ አንድ ጓደኛው ካሴት አምጥቶላቸዋል። ያኔ ደብዳቤ መጻፍ የሰለቸው ወይም ድምፁን ማሰማት የፈለገ ሰው ካሴት ላይ ተናግሮ ይልክ ነበር። መሪጌታ ካሴቷን ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አወጧትና፣ «ልጄ፣ በሀገራችን ያለው ቴፕ አንድ ነው፤ እሱም ይጮኻል። መጨረሻው ላይ ማሩ አንድ ነገር ይለኛል። ምን እንደሚለኝ አልሰማ አለኝ። ድምፅ የሚያጠራ ሰው ደባርቅ አለ ቢሉኝ መጣሁ» አሉኝ።

አስረስም በዚያው ሰዓት ሱቁ ደጃፍ ላይ ነበር። ብንኳረፍም እግሩ እንደለመደው ያመጣዋል። ካሴቷን አስገባሁ። «አባባ እንዴት ሰነበቱ፣ እማዬ እንዴት ሰነበትሽ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይላል የማሩ ድምፅ፤ ገና ለጋ ነው። ስለ ዳለቻው በሬ ይጠይቃል። የሰፈሩን ሰው በስም በስም ሰላም ይላል። በመጨረሻ «አባባ...» ይልና ዝም ይላል። ከዚያ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ሹሹታ ይመጣል፤ በሹሹታው ውስጥ አንድ አጭር ድምፅ፤ ከዚያ ቀጭ ብሎ ይቆማል። መልሼ አጠነጠንኩና ማጥሪያዋን አበራሁ። መሪጌታ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ከስፒከሩ አስጠጉ። የሚያዳምጡት እንደ ዜማ መምህር ነው፤ ዓይናቸው ተከድኖ፣ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ እየመታ። ድምፁ ሲደርስ ጣታቸው ቆመ።

«እመጣለሁ» አሉ።

እኔም ሰማሁ። እሳቸው እንደተናገሩት ቃሏ ከሹሹታው ውስጥ ተነስታ ቆመች። «አዎ የኔታ! እመጣለሁ ነው የሚለው! ጥርት ብሎ ተሰማኝ!» አልኩ። መሪጌታ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፣ ሳጥኗን በእጃቸው ዳሰሷት፣ መረቁኝ። አስረስን ዞር ብዬ አየሁት። «አንተስ መምህር?» አልኩት፤ ዛሬ ተሸነፍክ ለማለት ነው። አስረስ መነጽሩን አወለቀ፣ መሪጌታን አየ፣ «እኔ አልሰማሁም» አለ ቀስ ብሎ። መነጽሩን መልሶ አጥልቆ ወጣ። ከሄደ በኋላ መሪጌታ «ጆሮውን ያመዋል?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ፣ ያመዋል» አልኳቸው።

በየካቲት ክርክሩ ጠብ ሊሆን ሲደርስ ወይዘሮ ይታይሽ ሰለቻቸውና ራሳቸው መላ አመጡ። ሻይ ቤቱ መሐል ነጠላ አንጠልጥለው ጋረዱ። «አንዳችሁ ከነጠላው ጀርባ ሆኖ መብራቷን ያብራ ያጥፋ፤ ሌላው ሰው መብራቷን ሳያይ ማጥሪያዋ በርታለች ሲል እጁን ያንሳ» አሉ። በኩራት ተስማማሁ። መጀመሪያ እኔ ከጀርባ ገባሁ። አበራሁ፣ አጠፋሁ፣ በነጠላው ጫፍ አጮልቄ አየሁ። ማጥሪያዋ ስትበራ ከእጆቹ ግማሾቹ ብቻ ይነሳሉ፤ ስትጠፋም እንደዚያው ግማሾቹ። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ እጁን አንስቶ «እዚች ላይ እንኳ ምንም ጥርጥር የለውም!» ሲል ማጥሪያዋ ጠፍታ ነበር። «እናንተ ሥራ በዝቶባችሁ ጆሯችሁ ደክሟል» ብዬ እኔ ወጥቼ ተቀመጥኩ፣ አስረስ ገባ። የሠራኋት እኔ ነኝ፤ እንዴት እስታታለሁ? ዓይኔን ጨፈንኩ። ስሰማ፣ እጄን ሳነሳ፣ ሳወርድ ቆየሁ። ሲያበቃ አስረስ ነጠላውን ገልጦ ወጣ። አልሳቀብኝም። «አንድም ጊዜ አላበራኋትም በላይ» አለኝ። እኔ አራት ጊዜ እጄን አንስቻለሁ።

ሳጥኗን ይዤ ሱቄ ገባሁና ከፈትኳት። ለሰው ለመናገር ዓመታት የፈጀብኝን ነገር ያኔ አየሁ። ድምፁን ወደ ማጥሪያው የምታስገባው ሽቦ ጫፏ አልተበየደም። ተነቅላ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም አልበየድኳትም። ድምፁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳጥኗን አልፏት ነው የሚሄደው። የሚሠራው ቀዩ መብራት ብቻ ነው። ደግሞ ምፀቱ፣ ሽቦዋን በየድኩና ሞከርኩ፤ ማጥሪያዬ በእውነት ስትሠራ ዘፋኙ ብርድ ልብስ ለብሶ የሚዘፍን ይመስላል። ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ መሪጌታ ፈንቴ ትዝ አሉኝ።

ቢሆንም ምን አለበት፣ ደስ ብሏቸው ሄደዋል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ቅዳሜ ገበያ ላይ ግን ከዚያ አካባቢ ገብስ ጭኖ የመጣ ሰው አገኘሁና ስለሳቸው ጠየቅሁት። «የኔታማ ደስታቸው ወሰን የለውም። ማሩ ለፋሲካ እመጣለሁ ብሏቸው እኮ ቤት እያሠሩለት ነው። ለሚስትም ሽማግሌ ልከውለታል፤ የአምቢኮ መንደር ልጅ ናት» አለኝ። ለፋሲካ የምትለዋን ከየት እንዳመጧት አላውቅም። ከሱቄ ስትወጣ አንዲት ቃል የነበረችው፣ ተራራ ለተራራ ስትሄድ ቀን ተቆርጦላት ቤት ደረሰች። ያቺ ልጅ ደግሞ ታጭታ፣ ይመጣ አይመጣ የማይታወቅ ሰው ስትጠብቅ ዓመታት ሊያልፉባት ነው። 

አስረስ ቤት ሄድኩ። ከተኳረፍን ወዲህ ደጁን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። ሽቦዋን ነገርኩት። ልቡ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ ግንባሩን ብቻ አሸት አደረገ። «ሄደህ መንገር አለብህ» አለኝ።

«ምን ብዬ? የልጅዎን ድምፅ የሰማሁት በውሸት ነው ልበላቸው?»

«ከሰኞ እስከ ረቡዕ ፈቃድ እጠይቃለሁ» አለ። «አብሬህ እሄዳለሁ።»

በዚያ ቀጭን እግሩ፣ በከተማ ጫማው፣ ያን ዳገት ሁሉ አብሮኝ ወጣ። ቴፑን እኔ ተሸክሜያለሁ፤ አዳዲስ ድንጋይ ገዝቼለታለሁ። የአስታው ቁጥቋጦ አልቆ ረጃጅሙ የጅብራ ተክል ሲጀምር ጉሙ ዋጠን፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሳር ሲነጩ ድምፃቸው ይሰማል እንጂ አይታዩም። አስረስ በየማረፊያው በሶውን እየበጠበጠ ያጽናናኛል። «እኔም እኮ ያን ቀን ለመስማት ሞክሬያለሁ በላይ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሞክሬያለሁ። የሰውየውን ፊት እያየሁ አለመስማት ቀላል መስሎህ ነው?» አለኝ። እስከዚያን ቀን ድረስ አለመስማቱ ያኮራው ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደረስን። አዲሱ ቤት ግድግዳው ቆሟል፤ ክዳኑ ነው የቀረው። ደጃፉ ላይ ለፋሲካ የተያዘ ሙክት ታስሯል። መሪጌታ እኔን ሲያዩ እጃቸውን ዘርግተው መጡ፤ ባለቤታቸው እሜቴ አዝመራም እግራችሁን ካላጠብኩ አሉ። ቆሎ ቀረበ። ከቆሎው ሳልዘግን ተነስቼ ቆምኩ።

«የኔታ፣ ይማሩኝ» አልኩ። «ያ ሳጥን ምንም አይሠራም ነበር። ሽቦው አልተያያዘም። እመጣለሁ ማለቱን የሰማሁት እርስዎ ስላሉ ነው። ማሩ ያለውን ነገር አላውቀውም። ሽማግሌ መላክዎን ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ አዲሱ ቤት መለሱ። የተቆጡ መሰለኝ። ቀስ ብለው «እኔ ግን ሰምቻለሁ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ዜማ ያስተማርኩበት ጆሮ ነው። ሰምቻለሁ ልጄ።» ድምፃቸው ውስጥ ልመና ነበረበት።  ወደ አስረስ ዞርኩ፤ እሱም መሬት መሬት ያያል።

ያን ጊዜ እሜቴ አዝመራ «ቴፑን አምጡት» አሉ።

ያለ ሳጥን፣ እንዲያው ተራውን፣ በአዲሱ ድንጋይ ከፈትኩላቸው። ማሩ ሰላምታውን ሰጠ፣ በሬውን ጠየቀ፣ «አባባ...» አለ፣ ሹሹታው መጣ፣ ያቺ አጭር ድምፅ መጣች፣ ቀጭ አለ። እሜቴ አዝመራ አንገታቸውን ነቀነቁ። «መጀመሪያ ቀን ነው ያወቅሁት። ቃል አይደለም። ልጄ ሊያለቅስ ሲል ትንፋሹን ይውጣል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው፣ ‹እምጥ› ይልና ፊቱን ያዞራል። አባቱ እንዳይሰማው ብሎ አጠፋው» አሉ።

መሪጌታ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ምነው ታዲያ ዝም አልሽኝ?»

«ቤት መሥራት ጀመርህ። እህል መብላት ጀመርህ። ምን ብዬ ላቁምህ?» አሉ እሜቴ አዝመራ። ቀጥለው እኔን እያዩ፣ «ስለ ልጅቷ አታስብ። ለእናቷ ያኔውኑ በጎን መልእክት ልኬላታለሁ፤ ልጅሽን አታስሪብኝ፣ የሚወስዳት ካገኘች ትሂድ ብያታለሁ» አሉኝ። መሪጌታ ይኸንንም አያውቁም ነበር። ሚስታቸውን እያዩ ቆዩና፣ ሳቅም እንባም የመሰለ ነገር ፊታቸው ላይ መጣ። እጃቸውን ዘርግተው ሚስታቸው ጉልበት ላይ አሳረፉት። ቤቱ ግን እንዲከደን አደረጉ። «ለፋሲካ ባይመጣም ቤት ነው» አሉ። በማግስቱ አስረስና እኔ ጭድ ስናቀብል ዋልን፤ የአስረስ ፈቃድም አለፈበት።

ማሩ በዚያ ፋሲካ አልመጣም፤ በቀጣዩም አልመጣም። መንግሥት ተለውጦ ነገሩ ሁሉ ከተገለባበጠ በኋላ፣ ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በእግሩ፣ ከስቶ፣ አንድ ጆሮው አልሰማ ብሎት መጣ። የአምቢኮዋ ልጅ ያኔ የሁለት ልጆች እናት ሆናለች። እሱም የዳባት ልጅ አግብቶ ወደዚያው ወረደ፤ ዛሬ እህል ይነግዳል፣ የልጅ ልጆች አሉት። መሪጌታ እሱ ከመጣ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረው አረፉ። እናቱን የቀበርናቸው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ከማሩ ጋር ስንትና ስንት ጊዜ ተገናኝተናል፤ ስለ ካሴቷ ግን አንስቼበት አላውቅም። ፈርቼ ይመስለኛል። የሚኒባሱ ልጆች ክርክር ነው ባለፈው ሳምንት ድፍረት የሰጠኝ። ዳባት እንደወረድኩ የመጣሁበትን ጉዳይ ትቼ በቀጥታ ወደ ማሩ መጋዘን ሄድኩ።

ከጤፍ ጆንያዎቹ መሐል ወንበር አመጣልኝ። በደህናው ጆሮው በኩል ተቀምጬ «ማሩ፣ እውነቱን ንገረኝ። በዚያች ካሴት መጨረሻ ላይ ምን ነበር ያልከው?» አልኩት።

ሳቀ። «አባቴ የመጣሁ ዕለት የጠየቁኝ እሷን ነው። ‹እመጣለሁ ብለህ አልነበር?› አሉኝ። ‹አዎ ብያለሁ› አልኳቸው። እናቴ ደግሞ ወጥ ቤት ጠርታኝ ‹አልቅሰህ ነበር አይደል?› አለችኝ። ‹አዎ አልቅሻለሁ› አልኳት።»

«በእውነትስ?»

«አሁን ሁለቱም የሉም፤ ልንገርዎት ጋሼ በላይ። ቴፑ የመቶ አለቃው ነበር፤ ሳናስፈቅድ ነው የወሰድነው። ጓደኛዬ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅልኛል። ‹አባባ› ብዬ ገና ልናገር ስል ‹መጣ!› አለ፤ መቶ አለቃው ማለቱ ነው። ዘጋሁት። የሰማችሁት የሱን ድምፅ ነው።»

«አንተስ ምን ልትል ነበር?»

ማሩ እጁ ላይ የተጣበቀውን የጤፍ ፍሬ እያራገፈ አሰበ። «አላስታውሰውም» አለ። «ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። አላስታውሰውም።»

 ከዚያ አስረስ ትዝ አለኝ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ጎንደር ከልጁ ጋር ነው የሚኖረው። ከሁሉ በላይ ይኸን መስማት የሚገባው እሱ ነው ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ልጁ አነሳች። «ዛሬ ደህና ነው፤ ግን ጋሼ፣ ጮክ ይበሉለት። አንዳንዴም ዘመኑ ይምታታበታል» አለችኝና አቀበለችው።

«አስረስ! በላይ ነኝ! የማሩን ካሴት ታስታውሳለህ? መጨረሻው ላይ ያለውን ቃል አገኘሁት!»

«ማን?»

«የመሪጌታ ፈንቴ ልጅ! ማሩ! ‹መጣ› ነው የሚለው! ‹መጣ›!»

ስልኩ ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። ስመልሰው አስረስ በዚያ በደከመ ድምፁ «መጣ?» ይላል። «ማሩ መጣ? እሰይ! እሰይ! እኔ እኮ በሕይወት አለ ብዬ ለመናገር ፈርቼ ነው እንጂ... እሰይ!» እያለ ያለቅሳል።

ማሩን አየሁት። የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ስለነበር በዚያች ባንዷ ጆሮው ሰምቷል። እጁን ዘረጋ፤ ሰጠሁት።

«ጋሼ አስረስ፣ እኔ ነኝ፣ ማሩ» አለ፤ እንዲሰማለት ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀቀ። «አዎ፣ መጣሁ። ደህና ነኝ።» አዳመጠ። አስረስ «ለአባትህስ መምጣትህን ነገርካቸው?» ሲለው ይሰማኛል። ማሩ ወደ ጆንያዎቹ ፊቱን አዞረ፣ ትንፋሹን ዋጥ አደረገ፣ ከዚያ መለሰለት።

«ነግሬያቸዋለሁ ጋሼ። አባቴም ሰምተዋል።»